ቃል ተቀባይ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ልደታ ችሎት ውስጥ፣
ከዳኛው ወንበር ሥር፣ አንገቴን ደፍቼ
የሰው ቃል ስቀበል፣ የሰው ቃል ስገለብጥ።
ከሳሽ ሲያስረዝሙ፣ ተከሳሽ ሲክዱ፣
ጣቴ አይደናቀፍም፤
ለምዶታል መንገዱን፣ ፊደል ነው ዘመዱ።

የማልጽፈው አለ።
አንዲት ሴት ባለፈው፣ በቤት ክርክር ላይ፣
«እናቴ ያን ለሊት በሩን ስትዘጋው...» አለችና ቀረች።
ዝም አለች። ዝም አለች።
ዳኛው ሰዓት አዩ።
ለዝምታ የሚሆን ቦታ የለው መዝገቡ፤
አራት ነጥብ ደፍቼ ወደ ታች ወረድኩኝ።

ሆዴ ግን መዘገበው።
ሌሊት ያቃጥለኛል። ተልባ ብጠጣበት፣ ወተት ብጠጣበት።
ሐኪሙ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው፣
«ምን በላሽ?» አላለኝም።
«ምን ዋጥሽ?» አለኝ እንጂ።
ሳቅሁኝ። እኛ ቤት ሁሉ ነገር «ሆድ ይፍጀው» ነበር፤
የአባቴ ዕዳ፣ የእህቴ ፍቺ፣
የኔም ያ ነገሬ።
ሆድም እሺ ብሎ ፈጀው። ፈጀውና፣ ፈጀውና፣
ሌላ ሲያጣ ጊዜ ራሱን ጀመረ።

ሐሙስ ማታ ለገሃር ከባቡር ወርጄ
ላስቲክ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት።
«ለልጅሽ ነው?» አለኝ።
«አዎ» አልኩት። ልጅ የለኝም።

ጎላ ሚካኤል ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መብራት ሄዷል።
በስልኬ ብርሃን የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፤
የማውቀው አጻጻፍ አንድ ብቻ ነውና
እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

ስም፦ ማህደር ዘርጋው።
ዕድሜ፦ ሠላሳ ዘጠኝ።
አድራሻ፦ ጎላ።
የክሱ ዓይነት፦

እዚህ ጋ ቆምኩኝ።
ስሜን ደግሜ አነበብኩት። ማህደር። ዘርጋው።
አባቴ ሲያወጣልኝ ይህን አላሰበም፣
ስም ከስም ሲጋጠም ትእዛዝ እንደሚሆን።

በማግስቱ፦ «ዛሬ ደከመኝ።»
በማግስቱ፦ «ዛሬም።»
ከሳሽም እኔ ነኝ፣ ተከሳሽም እኔ፣ ምስክርም ያው እኔ፤
ዳኛ የለበትም።
ያ ነው የሚያስፈራው።
ቆይቶ ቆይቶ፣ ያው ነው የሚያሳርፈው።

ከዚያ ያቺ ሴትዮ መጣች፣
በሩን የዘጋችው እናቷን አስከትላ።
መዝገብ ያልተቀበላትን ያንን ዝምታ ጻፍኩላት፦
የነጠላዋን ጠርዝ በጣቷ ስትጠቀልል፣
ከውጭ ባቡር ሲያልፍ፣ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ።
አንዱን ስጽፍ ሌላው ተከተለ።
የተላላኪው የጋሽ እንግዳወርቅ ሳል።
ክሩ የተፈታ የአንድ ጎረምሳ እስረኛ ጫማ።
አባቴ፣ የዕዳውን ወረቀት እንደ ጋዜጣ ዘቅዝቆ ሲያነብ።
ከዚያ የኔ።
ጎላ ላይ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ዝምታው ጎላና
ቤት መታ፦

«ሆድ ይፍጀው ስል ኖሬ ዕድሜዬን ፈጀሁት፤
ዘርጋው ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ ስሜን ሰማሁት።»

ጠዋት ሳየው አልወደድኩትም። ሰረዝኩት።
ከሥረዛው ሥር ግን ይነበባል፤ የኔ ነው።

ጨጓራዬ? አሁንም ያቃጥለኛል፣
ሰኞ ሰኞ በተለይ።
ተልባዬን አልተውኩም።
ብቻ ሐኪሙ «ምን ዋጥሽ?» ቢለኝ
ገጹን እነግረዋለሁ።

ደብተሩ ሊያልቅ ሦስት ሉክ ቀረው።
በኛ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰፍር ቃል አለ፦
«የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣
ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»
ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለራሴ አነበብኩት።
ትክክል አይደለም። ብዙ ይጎድለዋል።
የእህቴን ነገር ዘልየዋለሁ።
አልፈረምኩም።
ለነገ ማታ ቀጠርኩት።